ፓንክረስት የማን ስም ነው? ሰሞኑን ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየቴሌግራሙና በየፌስቡኩ ሲዘዋወር ከርሟል። እኔ ጋ ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። መጨረሻ ላይ የላከልኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። «አንተ የስም ነገር ትወዳለህ፤ እስቲ አንብበው» ብሎ። ጽሑፉ ፓንክረስት የሚለው የእንግሊዞች ስም ከየት እንደመጣ ይተርካል። እኛ ዘንድ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ የተሟገቱትን እንግሊዛዊቷን ሲልቪያ ፓንክረስትንና ልጃቸውን የታሪክ ምሁሩን ፕሮፌሰር ሪቻርድን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ስለዚህ በፍጥነት መሰራጨቱ አይገርምም።

ጽሑፉ በፍቅር የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ቤተሰቡን እንደሚያከብሩ ከእያንዳንዱ መስመር ይታያል። እኔም አከብራቸዋለሁ። ግን ካሉት ውስጥ አብዛኛው ልክ አይደለም። ከስህተቶቹ አንዱ ደግሞ ሰው ይበድላል። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ላላነበበ ሰው ጽሑፉ የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ስሙ «ፓን» እና «ክረስት» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው ይላል። «ፓን» በግሪክ «ሁሉ» ነው፣ «ክረስት» ደግሞ ክርስቶስ፤ ስለዚህ ስሙ ቤተሰቡ አንድ ቀን ወደ ኢትዮጵያ እንደሚመጣ የሚናገር ምልክት ነበር። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ በ1066 ከፈረንሳይዋ ኖርማንዲ ተነሥቶ እንግሊዝን ከወረረው ከዊልያም ጋር የመጣ የመኳንንት ዘር ነው። ለማስረጃ የጋሻ አርማ ተለጥፏል። ሦስተኛ፣ የስሙ አገር ማንቸስተር ነው። አራተኛ፣ ስሙ ብርቅ ስለሆነ የሚጠሩበት ሁሉ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። አምስተኛ፣ እንግሊዝ አገር ስሙ ጠፍቷል፤ የቀረው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ስድስተኛ፣ ስሙ ከዊልያም ጋር መጣ ከተባለው ኖርማን ፈረሰኛ ጀምሮ እስከ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ድረስ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ወርዷል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ«ክረስት» እንጀምር። ይህ ትርጉም ሊሠራ የሚችለው በአማርኛ ፊደል ብቻ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ሁለት ቁራጭ ነው፤ «ፓንክ» እና «ኸርስት»። «ክ» የመጀመሪያው ቁራጭ መጨረሻ ናት። ከእሷ ቀጥሎ አንዲት «ኸ» አለች። እኛ ስንጽፈው ያቺን «ኸ» ዋጥናትና «ፓንክረስት» ሆነ። ለአፋችን እንዲመች ያደረግነው ነው፤ ክፋት የለውም። ከዋጥናት በኋላ ግን የቀረውን ቆርሰን «ይኸው ክርስቶስ» ማለት አንችልም። ክርስቶስን እንግሊዞች ራሳቸው «ክራይስት» ነው የሚሉት። የዚህ ስም ድምፅ ከዚያ ጋር አይገናኝም።

«ኸርስት» ምንድን ነው? በጥንቱ እንግሊዝኛ በዛፍ የተሸፈነ ጉብታ ማለት ነው። ከለንደን በስተደቡብ፣ ኬንትንና ሰሴክስን አያይዞ የሚሄድ ዊልድ የሚባል ሰፊ አገር አለ። ዊልድ ራሱ ጫካ ማለት ነው። ዛሬ ብዙው ተመንጥሯል። በመካከለኛው ዘመን ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። ሰው በደኑ ውስጥ ጉብታ ጉብታውን እየመረጠ ሰፈረ፤ ሰፈሩንም በጉብታው ጠራው። ስለዚህ በዚያ አገር ስትዘዋወሩ ቲስኸርስት፣ ላምበርኸርስት፣ ሆክኸርስት፣ ስቴፕልኸርስት፣ ዋድኸርስት የሚሉ መንደሮች በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ታገኛላችሁ። ቲስኸርስት የፍየል ግልገሎች ጉብታ ነው። ላምበርኸርስት የበግ ግልገሎች። ሆክኸርስት የጭልፊት። ሐዋሳ ላይ አሞራ ገደል እንደምንለው ማለት ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው የሳንድኸርስት የጦር አካዳሚም ስሙ ከዚሁ ቃል ነው፤ አሸዋማ ጉብታ ነው ትርጉሙ። በጸሐፊው መንገድ ብንሄድ ሳንድኸርስትም የአሸዋ ክርስቶስ ሊሆን ነው።

«ፓንክ» የሚለው ይበልጥ ያስቸግራል። የስም አጥኚዎች ሁለት መንገድ ያሳያሉ።

አንደኛው መንገድ ቦታ ነው። ሰሴክስ ውስጥ ፔንክኸርስት የሚባል ቦታ አለ። በጎረቤቱ በሱሬይ ደግሞ አቢንጀር አጠገብ ፒንክኸርስት የሚባል እርሻ አለ። ከነዚህ ቦታዎች የወጣ ሰው በቦታው ስም ይጠራ ነበር። ከዚያ በየመዝገቡ «ፔ»ው «ፒ»፣ «ፒ»ው «ፓ» እየሆነ ተጻፈ። ያን ጊዜ የአጻጻፍ ደንብ የሚባል ነገር ስለሌለ ጸሐፊው የሰማውን ነበር የሚያሰፍረው። እዚህ ላይ አንድ የምወደው ሰው አለ። አዳም ፒንክኸርስት ይባላል። በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ በእጅ ጽሑፍ የሚተዳደር ባለሙያ ነበር። ፊርማው በለንደን የጸሐፊዎች ማኅበር መዝገብ ላይ እስከ ዛሬ አለ። በ2004 ሊን ሙኒ የተባሉ ምሁር የገጣሚውን የቾሰርን ሥራዎች የገለበጠው እጅ የዚህ ሰው ነው ብለው ነበር። ሌሎች ምሁራን በዚህ አይስማሙም፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ለኛ ጉዳይ ግን የማን ግጥም ገለበጠ የሚለው አያሻንም። የሚያስፈልገን የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ከእነዚህ ጉብታዎች ባንዱ ስም የሚጠራ ሰው ለንደን ውስጥ መኖሩ ነው። ከክርስቶስም ከግሪክም ጋር ግንኙነት የለውም።

ሁለተኛው መንገድ ግን ጸሐፊውን ደስ ሊያሰኝ ይችላል። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገር በበዓል ቀን የተወለደ ልጅ በበዓሉ ስም ይጠራ ነበር። እኛ ልደቱ፣ ትንሣኤ፣ ፋሲካ እንደምንለው ነው። በጰራቅሊጦስ የተወለደው «ፔንቴኮስት» ይባላል። ይህ የክርስትና ስም እየዋለ እያደረ የቤተሰብ ስም ሆነ። በአነጋገር ሲለሰልስ ደግሞ «ፓንኩስት» ወደሚመስል ድምፅ መጣ። ደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ ያለ ሰው «ፓንኩስት» ሲሰማ ምን ያስባል? ዙሪያው በሙሉ ኸርስት፣ ኸርስት፣ ኸርስት ነው። ስለዚህ «ፓንክኸርስት ማለትህ ነው» ብሎ ወደሚያውቀው ያስተካክለዋል። አዲስ አበባም ይህን በደንብ ታውቀዋለች። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞች ከሠሩት «ካዜ ኢንቺስ» ከሚባል የመኖሪያ ቤት መጣ። ጆሯችን ያልለመደውን ቃል ወደሚመቸው ቅርጽ አመጣው። እዚያም የሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ አንዳንዱ ፓንክረስት የጰራቅሊጦስ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስሙ ውስጥ የክርስትና አሻራ አለ ማለታቸው በዚህ በኩል ጭርሱን ባዶ አይደለም። የገቡበት በር ግን የተሳሳተ ነው። «የኢትዮጵያ ምልክት» የሚለው ደግሞ በሁለቱም በር አይገባም። ልጁ በጰራቅሊጦስ ተወለደ፣ በጰራቅሊጦስ ተጠራ፤ በቃ።

ወደ ኖርማኖቹ ልለፍ። ዊልያም በ1066 የወረደው ሰሴክስ ጠረፍ ላይ፣ ፔቨንሲ ነው። ጦርነቱም ሰሴክስ ውስጥ ሄስቲንግስ አጠገብ ነበር። የዚህ ስም አገርም ሰሴክስ ነው። ምናልባት ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ይህ መገጣጠም ይሆናል። አንድ ነገርም ልክ ናቸው፤ በዘር የሚወርድ የቤተሰብ ስም እንግሊዝ ውስጥ የተስፋፋው ከኖርማኖች መምጣት በኋላ ነው። ልማዱን መሬት ያላቸው ሰዎች ጀመሩት፤ ቀስ በቀስ ወደ ነጋዴው፣ ከዚያ ወደ ገበሬው ወረደ። ነገር ግን ልማዱ ከኖርማን መጣ ማለት ስሙ ከኖርማን መጣ ማለት አይደለም። «ኸርስት» ዊልያም ከመምጣቱ ከመቶ ዓመታት በፊት አገሬው የሚናገረው ቃል ነው። ፈረንሳይኛ አይደለም። ከኖርማንዲ የመጣ ፈረሰኛ ከኖርማንዲ መንደሩ ስም ይዞ ይመጣል እንጂ የሰሴክስ ጉብታ ስም ይዞ አይመጣም።

የተለጠፈው የጋሻ አርማስ? በእንግሊዝ ሕግ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ነው። ከእሱ በኋላ ለዘሮቹ ይተላለፋል። ለቤተሰብ ስም የሚሰጥ አርማ የለም። ከ1484 ጀምሮ አርማ የሚመዘግበው የለንደኑ የአርማ ኮሌጅ ይህን ራሱ ደጋግሞ ይናገራል። ስማችሁን ስትጽፉ አርማ አውጥቶ በኩባያ ላይ አትሞ የሚሸጥላችሁ ድረ ገጽ ሞልቷል። የሚሸጠው ግን ኩባያ ነው፤ ታሪክ አይደለም።

ደግሞስ ይህን ቤተሰብ መኳንንት ማድረግ ለምን አስፈለገ? የሲልቪያ አባት ዶክተር ሪቻርድ ማርስደን ፓንክረስት የሐራጅ ሻጭ ልጅ ነበሩ። ጠበቃ ሆኑ። ያገቡ ሴቶች የራሳቸው ንብረት እንዲኖራቸው፣ ሴቶችም እንዲመርጡ የሚሉ የሕግ ረቂቆች ጻፉ። በ1883 ማንቸስተር ውስጥ ለፓርላማ ሲወዳደሩ ከያዟቸው ዓላማዎች አንዱ የመኳንንቱ ምክር ቤት እንዲቀር ነበር። በዘር ሥልጣን መውረስን የተቃወሙ ሰው ናቸው። እሳቸውን የኖርማን መስፍን ማድረግ ክብር መጨመር አይደለም። የደከሙበትን መሻር ነው።

አሁን ማንቸስተር። እዚህ ላይ ስህተቱ የሚገባኝ ነው። የዓለም ጋዜጦች ስሙን ያወቁት ከማንቸስተር ነው። በ1903 የሲልቪያ እናት ኤሜሊን ፓንክረስት ለሴቶች ምርጫ የሚታገለውን ማኅበር የመሠረቱት እዚያ፣ ኔልሰን ጎዳና በሚገኘው ቤታቸው ነው። ሲልቪያም በ1882 የተወለዱት እዚያው ማንቸስተር ነው። ግን ኤሜሊን ፓንክረስት ሆነው አልተወለዱም። የአባታቸው ቤት ስም ጎልደን ነው። በ1879 ዶክተር ፓንክረስትን ሲያገቡ ነው ስሙን የወሰዱት። ዶክተሩ ደግሞ የተወለዱት ማንቸስተር ሳይሆን በስታፎርድሸር፣ ስቶክ ነው። ስለዚህ ስሙ ማንቸስተር የገባው ከውጭ ነው።

ከየት? የእንግሊዝን የቤተሰብ ስሞች በካርታ ላይ የሚያሰፍሩ ሰዎች አንድ የሚወዱት ሰነድ አላቸው። የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ነው። ሰው በሙሉ በስሙና በሚኖርበት ቦታ ተመዝግቦ፣ በኋላም በበጎ ፈቃደኞች ተገልብጦ ለፍለጋ ተመቻችቷል። በዚያ ካርታ ላይ ፓንክረስቶች የሚበዙት ደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ ሰሴክስና ኬንት ውስጥ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ይሳሳሉ። የዶክተሩ ቤት፣ ሚስታቸውና ሕፃን ልጃቸው ክሪስታቤል በዚያ ካርታ ላይ ከዘመድ አገር ርቀው ሰሜን ላይ ያሉ ትንሽ ነጥብ ናቸው። ሲልቪያ ገና አልተወለዱም ነበር።

ቆጠራም ቢሆን ሁሉን አይይዝም። በ1911 ኤሜሊን የሚመሩት ማኅበር ሴቶች የምርጫ መብት ካልተሰጠን አንቆጠርም ብለው በቆጠራው ሌሊት ከየቤታቸው ወጥተው አደሩ። ኤሚሊ ዴቪሰን የተባሉት ታጋይ ፓርላማው ሕንፃ ውስጥ የዕቃ ክፍል ገብተው ተደበቁ። ይህን ስም በመዝገብ እያሳደደ የሚያጠና ሰው በዚያ ዓመት ላይ ሲደርስ አንዳንድ ቤት ባዶ ሲያገኝ፣ ምክንያቱ ያው ስሙ ነው። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው።

ስለ ቦታ ስም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሲያስበው ስሙ የሚገኘው መንደሩ ውስጥ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ጎንደር ውስጥ ማንንም «ጎንደሬው» ብላችሁ ብትጠሩ ሁሉም ዞር ይላል። ስሙ የሚሠራው ሰውየው ጅማ ሲገባ ነው። መንዜውም መንዝ ውስጥ መንዜ አይባልም። እንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነው። ከጉብታው የወጣ ሰው ሌላ መንደር ሲገባ በጉብታው ስም ተጠራ። ለዚህ ነው የቦታ ስሞች ከመነሻቸው ትንሽ ራቅ ብለው፣ ግን በአንድ ወይም በሁለት ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ተሰብስበው የሚገኙት። ማንቸስተር ከሰሴክስ ያን ያህል ቅርብ አይደለም። በመካከል ፋብሪካና የባቡር ሐዲድ ያመጣው ፍልሰት አለ።

የአንድ አባት ልጆች ናቸው የሚለውን በከፊል እቀበላለሁ። ጸሐፊው ያሰቡት ሐሳብ መሠረት አለው። የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ በ2009 ያሳተሙት ጥናት 40 የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞችን መርምሯል። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፈውን ዋይ ክሮሞዞም ነው ያዩት። ስሚዝ የሚባሉ ወንዶች ከመንገድ ላይ እንደተለቀሙ ሰዎች ናቸው፤ በደም አይገናኙም። ስሚዝ ማለት አንጥረኛ ነው፤ አንጥረኛ ደግሞ በየመንደሩ ነበረ። ብርቅ በሆኑት ስሞች ግን፣ ለምሳሌ አተንቦሮ በሚባሉት፣ አብዛኞቹ ወደ አንድ ጥንታዊ አባት ይሄዳሉ። ስለዚህ ስም ሲበረቅ ዝምድናው መጥበቁ እውነት ነው።

ግን ከ«አብዛኛውን ጊዜ» ወደ «ሁሉም» መዝለል አይቻልም። ፓንክረስት ደግሞ ለዚህ የማይመች ስም ነው። ከአንድ በላይ ምንጭ አለው ብለናል። ከሰሴክሱ ቦታ የወጣ ሰው፣ ከሱሬዩ እርሻ የወጣ ሰው፣ በጰራቅሊጦስ የተወለደ ሰው፤ ሦስቱም በመዝገብ ላይ አንድ ስም ሆነው ሊገናኙ ይችላሉ። በዚያ ላይ ጉዲፈቻ አለ። ከእናት የተወረሰ ስም አለ። ሚስት ሞታበት ሌላ ያገባ ሰው የእንጀራ ልጆቹን በራሱ ስም የሚያስጠራበት አለ።

እኔና ጽሑፉን የላከልኝ ወንድሜ ለዚህ ምስክር ነን። ሁለታችንም የምንኖረው አሜሪካ ነው። ወንድሜ ሲገባ ወረቀቱን የሞላለት ሰው የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ጻፈው። እኔ ከዓመታት በኋላ ስገባ ፓስፖርቴ ላይ የአያታችን ስም ስለነበረ የኔ የቤተሰብ ስም እሱ ሆነ። የእሱ ልጆችና የኔ ልጆች ዛሬ ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ያድጋሉ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የአጎት ልጆች መሆናቸውን ለማስረዳት ደብዳቤ ተጠይቀናል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የኛን ስም የሚያጠና ሰው ሁለት ዘር ነበሩ ሊል ነው። አያታችን ደግሞ በጣም የተለመደ ስም አላቸው፤ በዚያው ስም የሚጠሩ ስንት የማይተዋወቁ ኢትዮጵያውያን ዋሽንግተን ውስጥ አሉ። እነሱን ደግሞ ዘመዳሞች ሊያደርጋቸው ነው። ስም አንድ ሆኖ ደም ይለያያል። ደም አንድ ሆኖ ስም ይለያያል። እንግሊዝ ውስጥ በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን የሆነውን እኛ አሁን በየኤምባሲው መስኮት እየኖርነው ነው።

ስሙ እንግሊዝ ውስጥ ጠፍቷል ለሚለው ብዙ ማለት አያስፈልግም። አልጠፋም። ሰሴክስና ኬንት ውስጥ ዛሬም ፓንክረስቶች አሉ። አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ አሜሪካም አሉ። በ1830ዎቹ ከሰሴክስ ፔትዎርዝ አካባቢ ብቻ በአንድ የፍልሰት ዕቅድ 1,800 ያህል ሰው ወደ ካናዳ ሄዷል። የደቡብ ምሥራቅ ስሞች ባሕር ማዶ መገኘታቸው የሚጠበቅ ነው።

ቢሆንም ጸሐፊው ሳያውቁት አንድ እውነት ነክተዋል። የኤሜሊንና የዶክተር ሪቻርድ ማርስደን ቤት ለብቻው ቢታይ፣ የስሙ ዕጣ በእርግጥም ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። ባልና ሚስቱ አምስት ልጆች ወለዱ። ሁለቱ ወንዶች ናቸው። ፍራንክ በ1888 በዲፍቴሪያ በአራት ዓመቱ ሞተ። ሃሪ በ1910 በፖሊዮ በ20 ዓመቱ ሞተ። በአባት መስመር ስሙን የሚያወርስ አልቀረም። ከሴቶቹ ክሪስታቤል አላገቡም፤ ኑሯቸውን አሜሪካ አድርገው በ1958 እዚያ ሞቱ። አዴላ ወደ አውስትራሊያ ሄደው ቶም ዎልሽን አገቡ፤ ልጆቻቸው ዎልሽ ሆኑ። በተለመደው ሕግ ቢሄድ የዚህ ቤት ፓንክረስትነት ማለቂያው እዚህ ነበር።

ስሙ ያላለቀው በሲልቪያ ነው። አሁን ወደ ስድስተኛው ነጥብ፣ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም ወዳልኩት መጣሁ።

«ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ወርዷል» ይላል ጽሑፉ። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን በቀላሉ እናምናለን። ሪቻርድ ፓንክረስት ሲባል ጆሯችን «የፓንክረስት ልጅ ሪቻርድ» ብሎ ይሰማዋል። ሁለተኛው ስም የአባት ነዋ! ግን ፓንክረስት የሪቻርድ አባት ስም አይደለም። የእናታቸው ስም ነው። አባታቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ ይባላሉ።

ኮሪዮ ጣሊያናዊ ነበሩ። አናርኪስት፣ ጋዜጠኛና የሕትመት ባለሙያ፤ በፖለቲካ ተሰደው ለንደን የገቡ። ከሲልቪያ ጋር አብረው ኖሩ፤ አብረው ሠሩ። ሲልቪያ ጋብቻን አልተቀበሉም። የባል ስምም አልወሰዱም። በ1927 በ45 ዓመታቸው ልጅ ወለዱ። ያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ያላገባች ሴት በአደባባይ መውለዷ ትልቅ ነውር ነበር። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ብዙ የታገሉት እናታቸው ኤሜሊን እንኳ ይህን አልቻሉትም። ከልጃቸው ጋር ሳይታረቁ በ1928 ዐረፉ።

እሺ፣ እዚህም ላይ ለሌላው ወገን ፍትሐዊ ልሁን። በእንግሊዝ ልማድ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ብዙውን ጊዜ በእናቱ ስም ነው የሚጠራው። ስለዚህ የልጁ ፓንክረስት መባል በራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ሌላው ሴት ይህን ስም እንደ ቅጣት ስትሸከመው ሲልቪያ ወደውና መርጠው መያዛቸው ነው። ለልጁ የሰጧቸውን ስሞች ተመልከቱ። ሪቻርድ ኪር ፔቲክ ፓንክረስት። ሪቻርድ የአያቱ ነው፣ የጠበቃው። ኪር የሠራተኞች ፓርቲ መሥራቹ የኪር ሃርዲ ነው። ፔቲክ የትግል ጓደኛቸው የኤሜሊን ፔቲክ ሎረንስ ነው። የተደበቀ ልጅ እንዲህ አይሰየምም።

ስለዚህ ጸሐፊው «ሳይቋረጥ» ያሉት መስመር በዚህ ላይ ተቋርጧል። የቀጠለው እናት ስለቀጠለችው ነው። አራተኛውን ነጥብም ይህ ጨርሶ ያፈርሰዋል። ከፕሮፌሰር ሪቻርድ ወንድ ዘር ዋይ ክሮሞዞም ተወስዶ ቢመረመር የሚያሳየው የኮሪዮን የጣሊያን ዘር ነው። ሰሴክስ ውስጥ ካለ ከማንም ፓንክረስት ጋር አይገጥምም። ስሙ ግን አንድ ነው። ሪታ ፓንክረስትም፣ የፕሮፌሰሩ ባለቤት፣ የተወለዱት ሩማንያ ነው። ስሙ የሳቸውም ሆነ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት እየመሩ ኖሩበት።

ይህን ስህተት ጥቃቅን ነገር ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ እንደዚያ አላይም። ጽሑፉ ሁለት ሰው ነው ያጠፋው። ሲልቪያን ከወራሽነት አወጣቸው፤ ስሙን አሳልፈው የሰጡት እሳቸው ሆነው ሳለ። ኮሪዮንም ጨርሶ አላነሳቸውም። ሜይ 5 ቀን 1936 የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያው ዕለት ቀን የተጻፈበት የ«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ እትም ለንደን ላይ ወጣ። ጋዜጣው 20 ዓመት ቆየ። ሲልቪያ ያዘጋጁት ነበር፤ ኮሪዮም ከጎናቸው ሆነው ጽፈውበታል። አገራቸውን የያዘውን ሥርዓት ለኢትዮጵያ ብለው የተቃወሙ ጣሊያናዊ ናቸው። ሰው ጣሊያን ሲባል ያ ዘመን ብቻ ትዝ በሚለው አገር እሳቸውን በሌለ ኖርማን ፈረሰኛ መተካት ያሳዝናል።

ኮሪዮ በ1954 ሞቱ። በ1956 ሲልቪያ ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። በ1960 ዐረፉ፤ ሥላሴ ካቴድራል ደጅ ከአርበኞቹ ጋር ተቀበሩ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን በመጀመሪያ ዳይሬክተርነት መሩ። ለአክሱም ሐውልት መመለስ ዓመታት ተሟገቱ፤ ሐውልቱ በ2005 ገባ። በ2017 ሲያርፉ እሳቸውም የተቀበሩት ሥላሴ ነው።

ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም። ጽሑፉን እንዲያነሱትም አልጠይቅም፤ ብዙ ሰው ስለ ስም እንዲያስብ አድርጓል። «ፓን» እና «ክረስት» ያሉትንም ቢተዉት እንኳ ግድ የለኝም። አንድ መስመር ብቻ እንዲያርሙልኝ እጠይቃለሁ። «ከአባት ወደ ልጅ» በሚለው ፋንታ «ከእናቱ ከሲልቪያ» ብለው ይጻፉልን። ከሥሩም የሲልቪዮ ኮሪዮን ስም ይጨምሩበት። ወንድሜም ያንን ይላክልኝ፤ ለሁሉም አስተላልፋለሁ።